ሶሻሊስቶች «እኩል» ሲሉ ምኑን ነው የሚያስተካክሉት?

ጠያቂ፦ ንባብ ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። «ሶሻሊዝም ማለት የሰውን ሁሉ ገቢና ኑሮ አንድ ልክ ማድረግ ነው» ሲባል ከሚቃወሙትም ከሚደግፉትም እሰማለሁ። ጽሑፎቹን ሳገላብጥ ግን ይጋጩብኛል። ማርክስ «እኩል መብት» የሚለውን አነጋገር ይተቻል። ስታሊን ደመወዝ ማስተካከልን ይሳለቅበታል። የእስራኤል ኪቡትዞች (ሀብትና ኑሯቸው የጋራ የሆነ መንደሮች) ደግሞ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጁንና ሰሃን አጣቢውን እኩል ያኖሩ ነበር፤ እነሱም ሶሻሊስት ነን ባዮች ናቸው። በእኛ አገር የ1967 ዓ.ም. የመሬት ድልድል አለ።

እንግዲህ ሁለት ነገር ብታብራሩልኝ። አንደኛ፣ ልዩነታቸው የቃል ነው ወይስ የእውነት? ሁለተኛ፣ በተግባር እኩል ለማካፈል የሞከሩት ምኑን ቆጥረው፣ በምን መስፈሪያ ሰፍረው ነው ያካፈሉት? የቱ ጋ ነው የተበላሸው? «የሰው ልጅ በተፈጥሮው ስግብግብ ነው» የሚለውን መልስ ስለማውቀው እሱን ተዉልኝ።

መልስ፦ ደርዝ

ልዩነቱ የእውነት ነው። በቅድሚያ ግን «የውጤት እኩልነት» ሶሻሊስቶች ለራሳቸው ያወጡት ስም አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ተቺዎቻቸው የሚለጥፉባቸው ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

ነገሩን ቃል በቃል የፈለገው ፈረንሳዊው አብዮተኛ ባቤፍ ነው። በ1796 ፓሪስ ላይ «የእኩሎች ሤራ» የሚባለውን ሲያደራጅ፣ ምርት ሁሉ ወደ ጋራ ጎተራ ገብቶ ለሁሉም በልክ እንዲታደል ነበር ሐሳቡ። በዓመቱ አንገቱን ተቀላ። ከጓዶቹ አንዱ ማሬሻል በጻፈው መግለጫ፣ እውነተኛው እኩልነት ይኑርልን እንጂ ኪነ ጥበብ ሁሉ ቢጠፋ ይጥፋ እስከ ማለት ደርሷል። ማርክስና ኤንግልስ በ1848ቱ ማኒፌስቷቸው ይህን የመሰለውን ጽሑፍ ጥሬ ማስተካከል ነው ብለው ነቅፈውታል።

የማርክስን አቋም ለማየት የ1875ቱ የጎታ ፕሮግራም ትችት ይበቃል። ሁለት የጀርመን ሠራተኛ ፓርቲዎች ጎታ ከተማ ላይ ሊዋሐዱ ሲሉ ባወጡት ረቂቅ ውስጥ፣ ሠራተኛው «ያልተቀነሰ የድካሙን ፍሬ» በእኩል መብት ያገኛል የሚል የጀርመናዊው ሶሻሊስት የላሳል ወገን ቋንቋ ገባ። ማርክስ ይህን በሒሳብ ነው ያፈረሰው። አካሄዱ የእሱ፣ ቁጥሮቹ ግን የእኔ ናቸው፦

10 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 8 ሰዓት ቢሠሩ 80 ሰዓት ነው። ከዚህ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይነሳል፤ ያረጀ መሣሪያ መተኪያ፣ ምርት ማስፋፊያ፣ ለአደጋ መጠባበቂያ። ከቀረው ደግሞ ሌላ ሦስት፤ የአስተዳደር ወጪ፣ ለትምህርትና ለጤና፣ መሥራት ለማይችሉ መደጎሚያ። ስድስቱ ተደምረው 30 ሰዓት ወሰዱ እንበል። ለማካፈል 50 ቀረ፤ ለእያንዳንዱ የ5 ሰዓት የምስክር ወረቀት ይደርሰዋል፣ በዚያ ከጋራ መጋዘን የ5 ሰዓት ድካም የወሰደ ዕቃ ያወጣል። «ያልተቀነሰ» የሚለውን ውሃ በላው።

ቀጥሎ «እኩል» የሚለውን ያዘው። አንዱ ላጤ ነው፤ አምስቱንም ሰዓት ለብቻው ይበላል። ሌላው ሚስትና አራት ልጅ አለው፤ 300 ደቂቃ ለስድስት ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 50 ደቂቃ። ሁለቱም እኩል ሠሩ፣ እኩል ተከፈሉ፣ ኑሯቸው በስድስት እጥፍ ተራራቀ። ስለዚህ እኩል መስፈሪያ እኩል ላልሆኑ ሰዎች ሲዘረጋ የሚያወጣው እኩል ያልሆነ ውጤት ነው አለ። ይህ ጉድለት ከካፒታሊዝም ማሕፀን ገና በወጣው ማኅበረሰብ አይቀሬ ነው፤ «ከእያንዳንዱ እንደ ችሎታው፣ ለእያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ» የሚባለው ለኋለኛው ደረጃ ነው የተተወው።

ኤንግልስ ያንኑ ዓመት ለጀርመኑ ሶሻሊስት መሪ ለቤበል በጻፈው ደብዳቤ፣ የአልፕስ ተራራ ሰውና የሜዳ ሰው ኑሯቸው ምንጊዜም አንድ አይሆንም ይላል። በእኛ አነጋገር ደጋና ቆላ መሆኑ ነው። ኋላ ጀርመናዊውን ፈላስፋ ዱሪንግን ሲተች ደግሞ የወዝ አደሩ የእኩልነት ጥያቄ እውነተኛ ይዘቱ መደብን ማጥፋት ነው፣ ከዚያ አልፎ የሄደ ጥያቄ ወደ ከንቱነት ይገባል ብሎ ዘጋው። ባጭሩ ለእነሱ የሚስተካከለው ሰው ከማምረቻ መሣሪያ ጋር ያለው ግንኙነት ነው፤ የጓዳው ይዞታ አይደለም።

መልስ፦ ጥቁር ሰሌዳ

ደርዝ ጽሑፉን በትክክል አስቀምጦታል፤ ማርክስን ግን በርካሽ አሳለፈው። ያ የምስክር ወረቀት ስንት ሰዓት ይላል? የአንድ ሰዓት ሥራ ከሌላው በጉልበትም በችሎታም ይለያል። ማርክስ ይህን ያውቃል፣ ጽፎታልም፤ ሚዛኑን ማን እንደሚያነብ ግን አልነገረንም። ሃያኛው ክፍለ ዘመን የተፋጀው በዚህች ክፍተት ነው።

በ1871 የፓሪስ ኮሚዩን (የከተማዋ አብዮታዊ አስተዳደር) የባለሥልጣንን ደመወዝ በዓመት ከ6,000 ፍራንክ እንዳይበልጥ ገደበ። ሌኒን ይህን ይዞ በ1917 ባለሥልጣን ሁሉ የሠራተኛ ደመወዝ ይከፈለው አለ። በ1918 ጸደይ ላይ ግን መሐንዲሶችና ባለሙያዎች በዚያ ዋጋ አልገኝ ሲሉ ከፍ ያለ ደመወዝ ተፈቀደላቸው፤ ሌኒንም ይህ ከመርሕ ወደ ኋላ መመለስ እንደሆነ ሳይደብቅ ተናገረ። ለፓርቲ አባላት ግን የደመወዝ ጣሪያ ቆየ። ባለሙያው አባል ካልሆነ ሙሉውን ይወስዳል፣ አባል ከሆነ ከጣሪያው በላይ ያለውን ለፓርቲው ያስረክባል።

ስታሊን ሰኔ 1931 ላይ ለኢንዱስትሪ ኃላፊዎች ባደረገው ንግግር «ኡራቭኒሎቭካ» የሚባለውን፣ ሁሉን ጠራርጎ ማስተካከልን፣ የችግር ምንጭ አደረገው። ያቀረበው ምክንያት ተግባራዊ ነበር፦ የሠለጠነውና ያልሠለጠነው ደመወዝ ከተቀራረበ ያልሠለጠነው ለመሠልጠን አይጓጓም፣ የሠለጠነውም የተሻለ ፍለጋ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይዞራል። በ1932 የፓርቲ ጣሪያው ተነሳ። በ1936ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ላይ መፈክሩ «ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው» ሆኖ ሰፈረ።

የተበላሸውስ? በተመረተው ብዛት መክፈል ሲመጣ የሥራው ኮታ ራሱ የፖለቲካ ዕቃ ሆነ። ነሐሴ 1935 ላይ ማዕድን ቆፋሪው ስታካኖቭ በአንድ ፈረቃ 102 ቶን ድንጋይ ከሰል አወጣ ተባለ፤ ኮታው 7 ቶን ነበር። እሱ ሲቆፍር ከኋላው ጣሪያውን በግንድ የሚደግፉ ሌሎች ሠራተኞች ነበሩ፣ ቶኑ የተጻፈው ግን በእሱ ስም ነው። በተከታዩ ዓመት ኮታው በየፋብሪካው ለሁሉም ከፍ ተደረገ። ስለዚህ ጎበዝ ሠራተኛ ለጓደኞቹ ጠላት ሆነ፤ ዛሬ የጨመርካት ነገ ኮታ ሆና ትመጣብሃለችና። ሌላው ብልሽት ከሩብሉ ውጭ ነው። ዝግ ሱቅ፣ ልዩ ሆስፒታል፣ የመንግሥት መኪና በደመወዝ ሰንጠረዥ ላይ አይታዩም። ትሮትስኪ በ1936 ነገሩን በሰልፍ መሰለው፤ ዕቃ ጥቂት ሲሆን ሰልፍ ይረዝማል፣ ሰልፍ ሲረዝም ሥርዓት አስከባሪ ፖሊስ ይቆማል፣ ፖሊሱም ማን እንደሚወስድ ያውቃል።

የቻይና ገጠር የሥራ ነጥብ ለጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ የተሻለ ምሳሌ ስለሆነ አሠራሩን ልዘርዝር።

ለአንድ ጠንካራ ወንድ የቀን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ 10 ነጥብ፣ ለሴት 6፣ 7 ወይም 8 ይሰጣል። መዝጋቢው በየዕለቱ ይጽፋል። በዓመቱ መጨረሻ ከጓዱ (አብረው ከሚያርሱት የመንደር ቡድን) ገቢ ላይ ግብር፣ ዘርና የጋራ ፈንድ ይነሳና የቀረው ለጠቅላላው ነጥብ ይካፈላል። ለምሳሌ 6,000 ዩዋን ለ100,000 ነጥብ ከሆነ አንድ ነጥብ 6 ሳንቲም ነው፤ የ10 ነጥብ ቀን 60 ሳንቲም። እህሉ ግን በዚህ ብቻ አይታደልም። በብዙ ቦታ 70 በመቶው በነፍስ ወከፍ፣ 30 በመቶው በነጥብ ይታደል ነበር። አስተውሉ፣ በአንድ ጎተራ ውስጥ ሁለት የሶሻሊዝም ሐሳቦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሰባ እጁ እንደ ፍላጎት፣ ሠላሳው እንደ ሥራ። ልጅ የበዛበትና ሠራተኛ ያነሰበት ቤት የበላው እህል ከነጥቡ ዋጋ ስለሚበልጥ በጓዱ መዝገብ ላይ ባለዕዳ ሆኖ ዓመቱን ይዘጋል። ሠራተኛ የበዛበት ቤት ደግሞ ያኛው ካልከፈለ ገንዘቡ እጁ አይገባም። ጎረቤት ከጎረቤት የተቃቃረው በዚህ ነው።

በዳጃይ መንደር ስም የተስፋፋው ዘዴ ይህን ለማሻሻል፣ እያንዳንዱ ነጥቡን ራሱ ተናግሮ ጉባኤው እንዲያጸድቅለት ያደርግ ነበር። ውጤቱ ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ነው። ሰው የጎረቤቱን ፊት ላለማየት ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ሰጠ፤ ከዚያ ነጥቡ የሥራ መለኪያ መሆኑ ቀርቶ የመገኘት ምልክት ሆነ።

መልስ፦ ጠጠር

አንድ የተዘለለ ወገን አለ፤ አናርኪስቶቹ፣ መንግሥት የሚባለውን ጭራሽ የማይፈልጉት። ክሮፖትኪን በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ የሰዓት ወረቀቱንም ነጥቡንም ከነሥሩ ይቃወማል፤ የአንድን ሰው ድርሻ ለይቶ መለካት አይቻልም ብሎ። ምሳሌው የከሰል ማዕድን ነው። አሳንሰሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ ከታች የሚቆፍረው፣ ጉድጓዱን የቀየሰው መሐንዲስ፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ከሰል የለም፣ ታዲያ የማን ነው ስንት? (የስታካኖቭ ግንድ ደጋፊዎች ቢሰሙ ይስማማሉ።)

የእሱ ደንብ ሁለት መስመር ነው። የተትረፈረፈው ያለ መስፈሪያ ይወሰድ፤ ያነሰው በራሽን ይታደል፣ ቅድሚያውም ለሕፃን፣ ለሽማግሌና ለሕመምተኛ። በከተማ የቧንቧ ውሃ እየገባ ነው፣ ድርቅ ሲመጣ ብቻ ይመጠናል ይላል። የደንቡ ደካማ ጎን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሻገሪያው ላይ ነው። ነገ ራሽን ሊጀመር ነው የሚል ወሬ ዛሬ ከተሰማ፣ የተትረፈረፈው ዛሬ ማታ ያልቃል። በየሰፈራችን ውሃ ሊጠፋ ነው ሲባል የሚሞላውን በርሜልና ጀሪካን ቁጠሩ።

ደግሞ «እንደ ፍላጎቱ» የሚለውን ማርክስ አልፈጠረውም። ከእሱ በፊት ፈረንሳዊው ሶሻሊስት ሉዊ ብላን ብሎታል፤ ከሁሉም በፊት የሐዋርያት ሥራ 4፥35 አለላችሁ።

ጠያቂ፦ ንባብ ቤት

አመሰግናለሁ፣ የነጥቡ ስሌት በተለይ። ኪቡትዝ ግን ነጥብም የሰዓት ወረቀትም አልነበረውም፤ ለረጅም ጊዜም ቆይቷል። እዚያ ምን ተለየ?

መልስ፦ ሚዛን ጠባቂ

የመጀመሪያው ኪቡትዝ ዴጋንያ ከተመሠረተበት 1910 ጀምሮ ብትቆጥር ሰባ ሰማንያ ዓመት ቀላል አይደለም። ደንቡ እንዲህ ነበር፦ አባል ውጭ ሠርቶ ያገኘው ደመወዝ በቀጥታ ወደ ጋራ ካዝና ይገባል፤ ምግብ፣ ቤት፣ ሕክምና፣ ትምህርት ከጋራ፤ ለግል ወጪ ለሁሉም ተመሳሳይ አነስተኛ በጀት።

ያቆሙት ምሰሶዎች ሲታዩ ለአገር ለምን እንደማይሰፉ ይገባል። ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ነው፤ የሚለግመው ማን እንደሆነ በምሳ አዳራሹ ይታወቃል። ማንም ዘው ብሎ አይገባም፤ የሙከራ ጊዜ አለ፣ ከዚያ የአባላት ድምፅ። የሚወጣ ሰው ከጋራው ሀብት ድርሻ ይዞ አይወጣም፣ ስለዚህ መውጣት ውድ ነው። አራተኛው እምነት ነው፣ እሱ ደግሞ ለልጅ ልጅ በውርስ አይተላለፍም።

ሲበላሽ በሁለት በኩል ነው የተበላሸው። ውጭ ያለው የባለሙያ ደመወዝ ሲያድግ ጎበዝ ጎበዙ ወጣት ወጣ፤ የቀረው አማካይ ወረደ። በላዩ ላይ በ1985 እስራኤል የዋጋ ንረቱን ለማቆም የማረጋጊያ ፕሮግራም ስታወጣ፣ በግሽበት ይቀልልናል ብለው ተበድረው የነበሩ ኪቡትዞች የዕዳው ወለድ አነቃቸው። ያኔ መጀመሪያ የተነካው ደመወዝ አልነበረም፤ ምግብና መብራት ነው። ምሳ አዳራሹ ማስከፈል ጀመረ፣ በየቤቱ ቆጣሪ ገባ፣ ፍጆታውም ወረደ። ጠጠር ያለውን የክሮፖትኪን መሻገሪያ እዚህ በቆጣሪ ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ የመጣው «የደኅንነት መረብ» የሚሉት ነው። አባሉ ገበያው የሚሰጠውን ደመወዝ ይዞ፣ ከገቢው ጋር ከፍ እያለ የሚሄድ የማኅበር መዋጮ ይቆረጥበታል፤ ከዝቅተኛው ወለል በታች ያለው በዚያ ይሞላለታል። ለምሳሌ ወለሉ 7,000 ሼቄል ቢሆን፣ 5,000 የሚያገኘው 2,000 ይጨመርለታል፤ 20,000 የሚያገኘው ከሌሎች ባለ ከፍተኛ ገቢዎች ጋር ይህን ይሸፍናል። (ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው።) በ2005 ሕጉ ራሱ የጋራ ኪቡትዝንና «የታደሰ» ኪቡትዝን ለየ። እናቲቱ ዴጋንያ በ2007 ወደዚሁ ዞረች። እኔ ይህን «ሶሻሊዝም ሞተ» ብዬ አላነብም፤ ጣሪያው ተነስቶ ወለሉ ቀረ።

ከዚህ ይልቅ የሚቆጠቁጠው ትችት ከግራው ራሱ የመጣው ነው። በአጥር ውስጥ እኩል የነበሩት አባላት ናቸው፤ በፋብሪካውና በማሳው ላይ ተቀጥሮ የሚሠራው የውጭ ሰው አባል አልነበረም።

ሠራተኞቹ ባለቤት የሆኑበት የስፔኑ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብስብ ሞንድራጎንም ያው ቁስል አለበት። በ1956 ባስክ አገር ላይ ሲጀመር የትንሹና የትልቁ ደመወዝ ልዩነት ከ1 ለ3 እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ኋላ እስከ 1 ለ6 ተለጠጠ፣ ምክንያቱም ያው ሥራ አስኪያጁ ውጭ እጥፍ ድርብ ስለሚከፈለው። የጥምርታው ጥበብ ማሠሪያው ነው። ትንሹ 1,200 ዩሮ ከሆነ ትልቁ 3,600 ነው፤ አለቃው ለራሱ 600 መጨመር ከፈለገ ለጽዳት ሠራተኛዋ 200 መጨመር ግድ ይለዋል።

የማምለጫው ቀዳዳም እዚያው ነው፤ የኅብረት ሥራ ደንብ የምትጽፉ ሰዎች ይህችን ያዙ። ጽዳትና ጥበቃን ለውጭ ድርጅት በኮንትራት ከሰጣችሁ የመሰላሉ የታችኛው እርከን ከመዝገቡ ይጠፋል። ጥምርታው 1 ለ3 እንደሆነ ይቆያል፣ የተጣለችው ሴት ግን አልተቆጠረችም። መከላከያው ጥምርታው በግቢው ውስጥ ለሚሠራ ሁሉ ነው፣ ቀጣሪው ማንም ይሁን ማን፣ ብሎ መጻፍ ነው። ሞንድራጎን ውጭ አገር በከፈታቸው ፋብሪካዎች ይህ አልነበረም። በ2013 የቤት ዕቃ አምራቹ ፋጎር ሲከስር የባስክ አባላቱ ብዙዎቹ ወደ እህት ኩባንያዎች ተዛወሩ፤ ፖላንድና ፈረንሳይ ያሉት ግን ተራ ተቀጣሪዎች ነበሩ።

መልስ፦ የእኩል አራሽ

የ1967 ዓ.ም.ን የመሬት ድልድል እስካሁን ማንም አልነካውም፣ ስሜም ስለሚጠራኝ ልግባበት። በገበሬው አፍ «የእኩል» ማለት መሬት የሌለው አርሶ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ለሁለት መካፈሉ ነው፤ «የሲሶ» ከሦስት አንዱ። ቃላችን ራሱ የጭሰኝነት ቃል ነበር።

አዋጅ ቁጥር 31/1967 ዓ.ም. መሬትን የሕዝብ አደረገ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፣ መሸጥ መለወጥን፣ ማከራየትንና ቅጥር ጉልበትን ከለከለ (ለመበለት፣ ለአቅመ ደካማና ለመሳሰሉት ካልሆነ በቀር)። ደርዝ ባለው መለኪያ ይህ ንጹሕ ማርክሳዊ ነው፤ የባላባቱን መደብ አጠፋ። 10 ሄክታሩ ጣሪያ እንጂ ድርሻ አልነበረም። ድርሻውን የሰፈረው ገበሬ ማኅበሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቤተሰብ ቁጥር።

አሰፋፈሩ ሲታይ መሬት እንደ እህል አይደለም። ለም አለ፣ ጠፍ አለ፣ ዳገት አለ፣ የወንዝ ዳር አለ። እኩል ለማድረግ መሬቱ በደረጃ ይከፈልና እያንዳንዱ ቤት ከየደረጃው ቁራሽ ይደርሰዋል፣ ቦታው በዕጣ። ፍትሐዊ ነው፤ ግን አንድ ሄክታር የማይሞላ ይዞታ በሦስት በአራት ቦታ ተበጣጥሶ፣ ገበሬው ሞፈር ቀንበር ተሸክሞ ከዳር ዳር ይመላለሳል።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ዛሬ እኩል ያካፈልከው ከአሥር ዓመት በኋላ እኩል አይደለም። አንዱ ልጆቹን ድሮ አስወጣ፣ ሌላው አራት ጎረምሳ አደረሰ። እኩልነቱን ለማደስ ሽግሽግ ያስፈልጋል። ሽግሽግ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ እርከን አይሠራም፣ ዛፍ አይተክልም፤ ነገ የማን እንደሚሆን ምን ያውቃል? በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የተደረገው ሽግሽግ ላይ «ቢሮክራት» የተባለው (በቀድሞ መንግሥታት ጊዜ ሥልጣን የነበረው) ወደ አንድ ሄክታር ሲወርድ ሌላው እስከ ሦስት እንዲይዝ መደረጉ፣ መስፈሪያው የቤተሰብ ብዛት ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። ከዚያ በ1995 ዓ.ም. ገደማ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀመር መንግሥት በተግባር ከሁለቱ አንዱን መረጠ፤ ዋስትናን።

ሦስተኛው በሬ ነው። መሬት ተስተካከለ፣ በሬ አልተስተካከለም። ጥማድ በሬ የሌለው ድርሻውን ማረስ ስላልቻለ ጥማድ ላለው የእኩል ሰጠ። በአዋጅ የተከለከለው በጓሮ በር ተመልሶ ገባ፤ ለውጡ አሁን ድሃው ባለመሬት፣ ባለ በሬው አራሽ መሆኑ ነው። በስሌት «የውጤት እኩልነት» የነበረው በአንድ ክረምት ውስጥ እንዲህ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም ከሁለት ግብዓት አንዱ ብቻ ነው የተቆጠረው።

መልስ፦ ጥቁር ሰሌዳ

የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ በሬውን ለመቁጠር የተደረገ ሙከራ ነበሩ። በመጀመሪያው ደረጃ መሬት ይቀላቀላል፣ ለጓሮ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር ይተዋል፣ በሬው የግል ነው። በሁለተኛው፣ «ወልባ» በሚባለው፣ በሬውና መሣሪያውም ወደ ማኅበሩ ይገባሉ፣ ጓሮውም ወደ 1,000 ይወርዳል፤ ክፍያ በሥራ ነጥብ። የቻይናው ነጥብ ያለበት ጣጣ ሁሉ አብሮ መጣ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ፈረሱ፤ አባላቱ መሬቱንም በሬውንም ተከፋፍለው ወደየቤታቸው ተመለሱ።

መልስ፦ ደርዝ

ስለ ከተማው አንድ መስመር ልጨምር። አዋጅ 47/1967 ዓ.ም. ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብሎ ትርፍ ቤት ወረሰ፣ ኪራይ ቀነሰ፤ ከ100 ብር በታች የሚከራየው ለቀበሌ ተሰጠ። ኪራዩ ባለበት ተቸንክሮ ሲቀር ማደሻ ገንዘብ ጠፋ፣ ጣሪያው አፈሰሰ። እኩል የሆኑት ቁልፍ የያዙት እርስ በርስ ነው፤ በኋላ ወደ ከተማ የገባው ከሰልፉ ውጭ ነበር። ሚዛን ጠባቂ ካለው የኪቡትዝ አጥር ጋር አንድ ነው።

የስዊድን መንገድ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ስለሆነ ሳይነሳ ባይቀር። የሠራተኛ ማኅበሩ ኢኮኖሚስቶች ሬንና ማይድነር በ1951 ያቀረቡት፣ ለአንድ ዓይነት ሥራ አንድ ዓይነት ክፍያ፣ ፋብሪካው ያትርፍ አያትርፍ፣ የሚል ነው። መክፈል ያቃተው ፋብሪካ ይዘጋ፤ ሠራተኛውን መንግሥት አሠልጥኖ ወደሚያተርፈው ያዛውረው። እኩልነቱ ደካማውን ድርጅት ይገድላል እንጂ አያቆየውም፤ ይህን ሰምተው የሚደነግጡ ሶሻሊስቶች ብዙ ናቸው። ጉድለቱ በሌላ ጫፍ ታየ። ጠንካራው ኩባንያ የበለጠ መክፈል እየቻለ ስላልተጠየቀ ትርፉ ተከመረ። ማይድነር በ1970ዎቹ አጋማሽ መፍትሔ ብሎ ያመጣው ከትርፉ 20 በመቶው በአዲስ አክሲዮን መልክ ለሠራተኞች ፈንድ እንዲገባ ነው፤ ቀስ በቀስ ባለቤትነቱ እንዲዛወር። በ1983 ተሸርሽሮ ሕግ ሆነ፣ ከ1991ዱ ምርጫ በኋላ ተሰረዘ። በዚያው በ1983 የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ከማዕከላዊው ድርድር ወጥቶ ለብቻው ተዋዋለ፤ የሠለጠነው ክፍል የራሱን ፈለገ። የ1931ዱ ሞስኮ ንግግር ያነሳው ችግር ይኸው እዚህ በነፃ ማኅበር ውስጥ።

ከዘመኞቹ መካከል ኢኮኖሚስቱ ሮመር ያቀረበውን ስሌት ብቻ ልጥቀስ። ሰዎችን በማይመርጡት ሁኔታቸው (የወላጅ ትምህርት፣ የትውልድ ቦታ) መድባቸው። ከዚያ በምድባቸው ውስጥ ያላቸውን ደረጃ ተመልከት። ከገጠር ልጆች መካከል ከ100 ሰው 80ውን የበለጠችና ከከተማ ልጆች መካከል 80ውን የበለጠው እኩል ደክመዋል ብለህ ውሰድ፣ ውጤታቸውም እኩል ይሁን። ስሙ የዕድል እኩልነት ነው፤ ሥራው ግን በምድብና በምድብ መካከል የውጤት እኩልነት ነው። ጠቡ ወደ ምድቡ ዝርዝር ይዛወራል፤ የትኛው ሁኔታ «ያልመረጠው» ነው?

ጠያቂ፦ ንባብ ቤት

የእኩል አራሽ፣ አንድ የቀረችኝ፦ መሬቱ ሲከፋፈል በሬውስ አብሮ ቢከፋፈል ኖሮ?

መልስ፦ የእኩል አራሽ

በሬ አይቆረስም። ሁለት ካልሆነ አያርስም፣ መኖ ይበላል፣ በድርቅ ይሞታል፣ የሚወሰድ ከመሰለ ደግሞ ቀድሞ ይታረዳል፤ ሶቪየት ኅብረት ላይ በ1930 ክረምት የሆነው ይኸው ነው። ገበሬው ራሱ ያለው መላ መቀናጆ ነው። አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ያጣምራል፣ ተራ በተራ ያርሳሉ። እዚያም ግን የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ሲርስ ማን ቀድሞ ይዝራ የሚለው አለ፤ በጥቂት ቀን የዘገየው ማሳ ምርቱ ይቀንሳል። አንዱ ዓመት ቀድሞ ከዘራ በቀጣዩ ዓመት ለሌላው ይለቃል። ምንም በሬ የሌለው ግን በመቀናጆ አይገባም፤ ለአንድ ቀን ጥማድ ብዙ ቀን ጉልበቱን ይሰጣል፣ ስንት ቀን እንደሆነ ደግሞ እንደየአገሩና እንደ በሬው ማነስ ነው። እሱን የሚያስተካክል አዋጅ ከፈለጋችሁ ከመሬቱ መጀመር የለባችሁም፤ ለአንድ በሬ መግዣ ከሚሆን ብድር ጀምሩ፣ መኖ የሚበቅልበት የጋራ ግጦሽም ለእርሻ እንዳይሸነሸን አድርጉ።